ውርጭ የመታው ኦሊያንደር

የደጅና የጓሮ አትክልት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ነው። የባለቤቴ ሥራ ከሸዋ ሮቢት ወደዚህ ሲዛወር ኦሊያንደር የሚባሉትን ሁለት የአበባ ቁጥቋጦዎቼን በ20 ሊትር ጀሪካን እንደተተከሉ አይሱዙ ላይ አስጭኜ መጣሁ። እዚያ ሳሉ አበባቸው አይቋረጥም ነበር። እዚህ ከመጣን 2 ዓመት ሊሞላን ነው፤ አንድም አበባ አላየሁም። ባለፈው ኅዳር ጫፍ ጫፋቸው ጠቁሮ እንደ ተቀቀለ ጎመን ልፍስፍስ አለ። የጠቆረውን ወዲያው ቆረጥኩት። ዩሪያም ጨመርኩ። ቅጠሉ ለመለመ፣ አበባ ግን የለም። እንዳይበርዳቸው ብዬ አሁን በረንዳ ውስጥ ነው የማኖራቸው። አማቴ ደግሞ «ይሄ መርዝ ነው፣ ልጅ ያለበት ቤት አይቀመጥም፣ ንቀዪው» ይላሉ። የ3 ዓመት ልጅ አለችኝ። 4 በግም አለን። ላቆያቸው ወይስ ልጣላቸው?

መልስ፦ ልጄ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። አማትሽ ያሉት እውነት ነው። አጋነኑ እንዳትዪ። የኦሊያንደር ቅጠሉም፣ አበባውም፣ ግንዱም፣ ሥሩም፣ ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽም መርዝ ነው። መርዙ ኦሊያንድሪን ይባላል። የሚይዘው ልብን ነው፤ ምቷን ያዛባል። ቅጠሉ ቢደርቅ እንኳ መርዙ አይጠፋም።

ምረንዝ የሚባለውን ዛፍ የሚያውቁ አንባቢዎች ይኖራሉ። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች የቀስት መርዝ የሚያወጡት ከእሱ ነው። ኦሊያንደርና ምረንዝ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። አጋምም ዘመዳቸው ነው፤ የእሱን የበሰለ ፍሬ ግን ስንለቅም ነው ያደግነው። ኦሊያንደር እንደ አጋም አይደለም። ምኑም አይበላም።

እኔ 22 ዓመት ችግኝ ጣቢያ ሠርቻለሁ። ይህን ሁሉ በሥልጠና ተምሬዋለሁ። እውነቱ የገባኝ ግን ከ11 ዓመት በፊት፣ ጥር ወር ላይ ነው። በግቢዬ የነበረውን ትልቅ ኦሊያንደር ገረዝኩና ቅርንጫፉን ከአጥሩ ውጭ ከመርኩት። ነገ አስወግደዋለሁ ብዬ አራት ቀን አለፈ። እርጥቡን ቅጠል በግ ብዙም አይደፍረውም፤ መራራ ነው። ጠውልጎ ሲደርቅ ግን ይበላዋል። ጥር ደግሞ ሣር የጠፋበት ጊዜ ነው። የጎረቤቴ በጎች ሲመለሱ ክምሩን አገኙት። አንዷ እኔ ስደርስ ቆማ ነበር፤ ጉልበቷ ይከዳታል። እጄን ከግራ ክንዷ ሥር አስገብቼ ልቧን ዳሰስኩ። ይመታል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ደንገጥ ብሎ ይሮጣል። ሳይመሽ ሞተች። ሌላዋም ሌሊቱን ሞተች። የሁለቱንም ዋጋ ከፈልኩ፤ ጎረቤቴም አላስቀየመችኝም። ያ የልብ ምት ግን እስካሁን ከእጄ አልወጣም። ለዚህ ነው ስለ አበባው ከማውራቴ በፊት ስለ መርዙ የምጽፈው።

እንግዲህ የምታደርጊው ይህ ነው። የቆረጥሽውን ቅርንጫፍና የረገፈውን ቅጠል ያኔውኑ በጆንያ ሰብስቢ። በግ በማይቆፍርበት፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ አርቀሽ ቅበሪው። አታቃጥዪው። ጭሱም መርዝ ነው። ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ የግቢ ጥራጊ ሁሉ ይከመርና እሳት ይለቀቅበታል። ከዚያ ክምር ውስጥ የኦሊያንደር እንጨት እንዳይገባ። ለምድጃም፣ ለማማሰያም፣ ለሥጋ መጥበሻ እንጨትም አይሆንም። ቀጥ ያለና ለስላሳ ስለሆነ መፋቂያ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እባካችሁ! ለበዓል ስትጎዘጉዢም ቅጠሉን ከቄጤማው ጋር አትቀላቅዪ። ስትገርዢው እጅሽ ላይ ጓንት፣ ካጣሽ ፌስታል አጥልቂ። ዓይንሽን አትንኪ። ከዚያ እጅሽንም ቢላዋውንም በሳሙና እጠቢ።

ልጅሽን በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልንገርሽ። የ3 ዓመት ልጅ ያየችውን ሁሉ ወደ አፏ ትወስዳለች። በረንዳ ላይ፣ እሷ በምትጫወትበት ቦታ፣ አንድ ቀንም አታሳድሪያቸው። የሚቆለፍ ጓሮ ወይም እሷም በጎቹም የማይደርሱበት ከፍ ያለ የድንጋይ ካብ ካለሽ እዚያ ይሁኑ። የረገፈው ቅጠልም በነፋስ ወደ በጎቹ የሚሄድበት ቦታ መሆን የለበትም። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለሽ ልጅሽ እስክታድግ ድረስ ልጅና ከብት ለሌለው ሰው አደራ ስጪ። እኔ ብሆን አደራ እሰጥ ነበር። ተክሉ ይመለሳል።

እንዳይሆን እንጂ፣ ሰው ቢቀምሰው ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ የልቡ ምት ይዛባል። ምልክቱን አትጠብቂ። በእጅ አታስመልሺ፣ በቤት መድኃኒትም ጊዜ አትፍጂ። ወዲያው ሆስፒታል! ከተክሉ አንድ ቁራጭ በፌስታል አሥረሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ ምን እንደሆነ እንዲያውቅ።

አሁን ቦታ አግኝተሽ ልታቆያቸው ወስነሻል እንበል። ደስ ይለኛል። ኦሊያንደር ደጋ ላይ በመሬት ተተክሎ ይቸገራል፤ በዕቃ ሲሆን ግን አንቺ ታንቀሳቅሽዋለሽ። ቀን ፀሐይ ላይ፣ የውርጭ ማታ ጣሪያ ሥር። ከከብትም ታርቂዋለሽ። ለደብረ ብርሃን ሰው በዕቃ ካልሆነ አትትከሉ የምለው ለዚህ ነው።

ሸዋ ሮቢትና ደብረ ብርሃን በመንገድ 100 ኪሎ ሜትር አይራራቁም። በከፍታ ግን 1,500 ሜትር ገደማ ይበላለጣሉ። የጣርማ በርን ዳገት ስትወጪ ጆሮሽ እንደሚደፈነው ሁሉ ተክሉም አገር መለወጡን ያውቃል። መሠረቱ የሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢና ከዚያ ወዲህ እስከ እስያ ያለው ሙቅ አገር ነው። የሚበቅለው ደረቅ ወንዝ ዳር ነው። አናቱን ፀሐይ ይመታዋል፣ ሥሩ ከድንጋዩ ሥር ውሃ ይፈልጋል። ይህን ካስታወስሽ አያያዙ ሁሉ ይገባሻል።

ቀላል ውርጭ ኦሊያንደርን አይገድለውም። ለጋ ጫፉን ያቃጥለዋል እንጂ ያደገው እንጨት ይችለዋል። ዕቃ ውስጥ ያለ ሥር ግን መሬት ውስጥ ካለው ይልቅ ይበርደዋል፤ ጀሪካኑ በአራቱም ጎን ለብርድ የተጋለጠ ነው። ውርጭ የሚመጣበትን ማታ መለየት ከባድ አይደለም። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ጸጥ ያለ፣ ከዋክብቱ የሚያብለጨልጩበት ማታ ነው። ደመና ሲኖር የቀኑ ሙቀት ከመሬት ቶሎ አያመልጥም። ሰማዩ ሲጠራ ያመልጣል። ቀዝቃዛው አየር ደግሞ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል፤ ገበሬው ረባዳ ላይ ያለውን ባቄላ ውርጭ ቀድሞ እንደሚመታው የሚያውቀው ነው። ስለዚህ ጀሪካኑን ከግቢው ዝቅተኛ ማዕዘን አንሺው።

ከጥቅምት እስከ ጥር እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ቀን ፊቱ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ የሆነ የድንጋይ ግድግዳ ሥር አቆመዋለሁ። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል እዚያ ብዙ ትቆያለች። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ጆንያ ላይ አስቀምጬ እየጎተትኩ ጣሪያ ክፈፍ ሥር አስገባዋለሁ። ዕቃውን በጭድ በተሞላ ጆንያ እከበዋለሁ። ብርዱ የባሰ ሲመስለኝ አናቱ ላይ አሮጌ የመንዝ ባና ጣል አደርግበታለሁ። ባናው ያንኑ ሥራ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ለሰው አይመለስም። ላስቲክ ግን ቅጠሉን እንዲነካ አታድርጊ፤ የነካው ቦታ ላይ ቅጠሉ ይቃጠላል። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ግለጪው።

ውርጭ ሲመታው የጠቆረውን ወዲያው መቁረጥሽ አልጠቀመም። ቁርጡ ለጋ ቀንበጥ ያስወጣል፤ ያን ለጋ ቀጣዩ ውርጭ ያገኘዋል። የጠቆረው ጫፍ አስቀያሚ ቢሆንም ከሥሩ ላለው እንደ ልብስ ነው። እስከ የካቲት መጨረሻ ታገሺ። ያኔ ቅርንጫፉን በቢላዋ ጫፍ ትንሽ ፋቅ አድርጊው። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ካለ በሕይወት አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ አረንጓዴው እስኪመጣ ወደ ታች እየወረድሽ ቁረጪ።

አበባውን ያጣሽው በሦስት ነገር ይመስለኛል።

አንደኛው በረንዳው ነው። ኦሊያንደር በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ጥላ ውስጥ አይሞትም፤ ቅጠል ብቻ ሆኖ ወደ ብርሃኑ ይንጠራራል። ከጠዋቱ 3 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ የሚመታበት ቦታ አውጪው። የደጋ ቀን ያን ያህል ሞቃት ስላልሆነ እኔ እንዲያውም ፀሐይ በዝቶበት አላውቅም።

ሁለተኛው ዩሪያው ነው። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ቅጠል ያወፍራል። የለመለመልሽ ለዚህ ነው። ያ ለምለም ደግሞ ውሃ የሞላው ለጋ ስለሆነ ለውርጭ ይመቻል። ዩሪያውን ተዪው። የተብላላ የበግ ፍግ አለሽ፤ 4 በግ ያለው ሰው ሀብታም ነው። የከብቱ እበት በኛ አገር ለኩበት ስለሚሄድ ለአትክልት አይተርፍም፤ የበጉን ግን ማንም አይቀማሽም። ከመጋቢት ጀምሮ በወር አንዴ ሁለት እፍኝ ያህል አፈሩ ላይ በትኚና ውሃ አጠጪው። ከነሐሴ በኋላ አቁሚ። ከውርጩ በፊት እንጨቱ ይጠንክር።

ሦስተኛው ቢላዋሽ ነው። ኦሊያንደር የሚያብበው አዲስ ያደገ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው። ጫፍ ጫፉን እየቆረጥሽ አበባውን አብረሽ ትጥያለሽ። አንድ ነገር በቅርብ ላሳይሽ። አበባው ሲጠወልግ ዘለላውን ጎንበስ ብለሽ እዪው። ከጠወለጉት መሀል የስንዴ ቅንጣት የሚያክሉ፣ ጫፋቸው ሾል ያለ እንቡጦች ታያለሽ። እነሱ ገና ናቸው። ብርዱ ከቀደማቸው እንኳ ዘለላው ላይ ቆይተው በሚቀጥለው ሙቀት ሊፈኩ ይችላሉ። ስለዚህ የጠወለገውን አበባ ብቻ በጣትሽ ነቅለሽ ጣዪ፤ ዘለላውን አትቁረጪ። ቅርጽ ለማስያዝ መግረዝ ካለብሽ በዓመት አንዴ ይበቃል። በየዓመቱ ካሉት ቅርንጫፎች ሲሶውን ብቻ አሳጥሪ። ሌላው በዚያ ዓመት ያብባል።

አፈሩን አልነገርሽኝም። የአካባቢያችን ጥቁር ዋልካ ለዕቃ አይሆንም። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የተብላላ ፍግ አድርጊ። ከጀሪካኑ ሥር አውራ ጣት የሚያስገቡ 5 ወይም 6 ቀዳዳዎች ይኑሩ። በሦስት ድንጋይ ከመሬት ከፍ አድርጊው፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ መውጫ ካላገኘ ሥሩ ይበሰብሳል። 20 ሊትሩ ጀሪካን ለአሁኑ ይበቃል። በየ2 ወይም 3 ዓመቱ መጋቢት ላይ ወደሚሰፋ ዕቃ ይዛወር። እኔ ጋ ትልቁ ያለው ከንፈሩ በተሰበረ የጠላ ጋን ውስጥ ነው። ሸክላ ይተነፍሳል። ጋኑ ተመልሶ ለመጠጥ እንዳይውል ግን ቂጡን በስቼዋለሁ።

ውሃውን በጣትሽ ለኪው። ጣትሽን ሁለት አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ። ደረቅ ከሆነ ከሥር እስኪወጣ አጠጪ። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ በሁለት ቀን አንዴ ሊጠይቅ ይችላል። በብርድ ወራት በሳምንት አንዴ ይበቃል፤ እሱም ረፋድ ላይ ይሁን እንጂ ማታ አይሁን።

ሁሉንም ብታደርጊ እንኳ እንደ ሸዋ ሮቢት ዓመቱን ሙሉ አያብብልሽም። እኔ ጋ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ክረምቱ መግቢያ ያብባል፤ አንዳንዴ ከመስቀል በኋላ ትንሽ ይደግማል። የአንቺዎቹ ነጠላ አበባ ከሆኑ ተመስገን በዪ። ድርብ አበባ ያላቸው ዝናብ ሲመታቸው ቡናማ ሆነው እዚያው ይንጠለጠላሉ። ነጠላው ራሱ ይረግፋል።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ሻይ ቤቴ በር ላይ 6 ኦሊያንደር በዘይት ቆርቆሮ ተክያለሁ። ለጋው ቀንበጥ ላይ ደማቅ ቢጫ ትንንሽ ነፍሳት ተደርድረዋል። ቅጠሉ ይጣበቃል። የእህል መድኃኒት ልርጭበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይርጩ። ሰው ሻይ በሚጠጣበት በር ላይ የማሳ ኬሚካል አይገባም። ያዩት የኦሊያንደር ክሽክሽ ነው። አካሉ ቢጫ፣ እግሩ ጥቁር ነው። በምስርና በአተር ላይ ከምናውቀው ክሽክሽ ጋር ዘመድ ነው። ሁሉም ሴቶች ናቸው። ያለ ወንድ ይወልዳሉ፤ እንቁላል ሳይጥሉ ልጅ ይወልዳሉ። በሳምንት ውስጥ ቀንበጡ የሚሸፈነው ለዚህ ነው። የሚጣበቀው ነገር የሚያወጡት ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ጉንዳን ከተከተለ አይግረምዎ።

ማታ ፀሐይ ሲበርድ በውሃ ቧንቧ ጠንከር አድርገው ይጠቧቸው። ቧንቧ ከሌለ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው በጨርቅ ያብሷቸው፤ በማግስቱ በንጹህ ውሃ ያለቅልቁ። በየ4 ቀኑ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ቀይ ሆና ጥቁር ነጥብ ያላትን ትንሽ ጢንዚዛ ካዩ አይግደሏት፤ ክሽክሽ ትበላለች። ማዳበሪያ አብዝተው ከሆነ ይቀንሱ። ክሽክሽ የሚወደው ለጋ ነው።

ሌላ ያሰጋኝ ቆርቆሮው ነው። በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ይግላል፤ በጎኑ ያለው ሥር ይቃጠላል። ውጩን ኖራ ይቀቡት፣ ወይም ቆርቆሮውን ሌላ ሰፋ ያለ ዕቃ ውስጥ ይክተቱት። ከሥር ሳህን ካስቀመጡ ውሃው አይቁም፤ ወባ ባለበት አገር የቆመ ውሃ ለትንኝ አይተውለትም። ደግሞም የሻይ ቤት ደንበኛ ልጅ ይዞ ይመጣል። ቆርቆሮዎቹን ከወንበሮቹ አርቀው፣ ልጅ ከማይደርስበት ካብ ላይ ያድርጓቸው። አበባውን ቀጥፈው ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡ። የቆመበት ውሃ ራሱ መርዝ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና። ከጎረቤት ቅርንጫፍ ወስጄ በጠርሙስ ውሃ ማብቀል እችላለሁ? ቢጫ አበባ ያለውስ አንድ ነው?

መልስ፦ ይቻላል። ያላበበና እርሳስ የሚያክል ቅርንጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር አድርገሽ ከአንጓው ሥር ቁረጪ። የታችኛውን ቅጠል አውልቂ፤ ከላይ ሁለት ሦስት ይብቃው። ብርሃን የማያሳልፍ ቡናማ ጠርሙስ ይሻላል። ውሃውን በየ3 ቀኑ ለውጪ። ሙቀት ካለ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነጫጭ ሥር ይታያል። በብርድ ወራት እስከ ሁለት ወር ሊቆይ ይችላል። ሥሩ ሁለት ጣት ሲያክል ትንሽ ዕቃ ውስጥ ትከዪው። ውሃ የመሰለ ነገር በጠርሙስ ሲቀመጥ ሰው ይጠጣዋል፤ ስለዚህ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አኑሪው፣ ጠርሙሱ ላይም «መርዝ» ብለሽ ጻፊበት። የቀየርሽውን ውሃ ዶሮ በማይደርስበት ድፊው።

ባለ ቢጫ አበባው፣ የደወል ቅርጽ ያለውና ወፍራም አረንጓዴ ፍሬ የሚይዘው፣ ቢጫ ኦሊያንደር ቢባልም ሌላ ተክል ነው። አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ቤተሰቡ ግን አንድ ነው፣ መርዙም ልብን ይይዛል። ከሁሉ የሚከፋው የፍሬው ዘር ነው። ልጆች ፍሬውን ለጨዋታ ይለቅሙታል፤ በግቢሽ ካለ ከመርገፉ በፊት ልቀሚና ቅበሪው።